ሠላሳ አንድ ልጅ፣ አንድ መልስ

የካቲት 27

ዛሬም ጸጉር ቤት ውስጥ አስተማርኩ። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው በሻምፑ ጠርሙስና በቢጉዲን መካከል ስለ ሴል ሲያወራ... ምን ይባላል? ጡረታ ይባላል።

የማስጠናት ልጅ ቤት ጠባብ ነው፤ አይመችም። እናትየው ጸጉር ሠሪ ናት። ከሱቋ ጥግ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገብታ መጋረጃ ጋረደችልን። "እዚህ ማንም አይረብሻችሁም መምህር" አለች። መጋረጃው ጉልበት ድረስ ነው። ከዚያ በታች የደንበኞቹ እግር ይታያል። ማን ጫማ እንደቀየረ ሳላውቅ የወጣሁበት ቀን የለም።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ። ከተናገረችም ከአንድ ቃል አታልፍም። ሰኔ ላይ የከፍተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ፈተና ትወስዳለች። የእንስሳት ሐኪም መሆን ነው ሐሳቧ፤ ለዚያ ደግሞ ከዚህ ፈተና ሌላ በር የለም። እናትየው ቁርጡን ነግራኛለች፦ "ዘንድሮ ካለፈች አለፈች። ካላለፈች ማበጠሪያ ትይዛለች። ሁለተኛ ዓመት የምጠብቅበት አቅም የለኝም።"

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፄን ትቀዳለች። "ቤት ገብቼ እንድሰማው ነው ጋሼ።" እምቢ አላልኩም። እንዲያውም ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ለራሴ ስለምጽፍ ጉራ አይሆንብኝም፦ በሠላሳ ዓመት ውስጥ "ጋሼ፣ ተሳስተዋል" ያለኝ ተማሪ የለም። አንድም።

መጋቢት 4

ደንበኞቹ መማር ጀምረዋል። ማን ጋበዛቸው? የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ያስገባች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮኻለች፦ "መምህር! ስኳር በዘር ነው እንዴ የሚመጣው?" አፌን ሳልከፍት ሁለት ሰው መለሰላት። አንዷ "በንዴት ነው" አለች። ሌላዋ "በአማት ነው።" ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየሁና ደነገጥኩ።

"ያንን አትጻፊ!"

"ቀኑን ነው የጻፍኩት ጋሼ።"

መጋቢት 11

የሴል ክፍፍል። ሚዮሲስ። የምወደው ትምህርት ነው፣ ምሳሌዬ ስለሚያምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴሉ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ጥንድ ክሮሞሶሞች ይለያያሉ፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጡት። በሁለተኛው ደግሞ የእያንዳንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች ይለያያሉ። እኔ ጥንዶቹን ባልና ሚስት፣ ቅጂዎቹን መንትዮች እላቸዋለሁ። "መጀመሪያ ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ ከዚያ መንትዮቹ ይለያያሉ።" ይህን የሰማ ተማሪ እስኪሞት አይረሳውም።

ዛሬ "መጀመሪያ ባልና ሚስት..." እንዳልኩ ከመጋረጃው በታች ቀይ ጫማ አየሁ። የባንክ ሠራተኛዋ! ባሏን ለመፍታት ፍርድ ቤት ስትመላለስ የከረመች ሴት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጸጉር ቤቱ በአንዴ ጭጭ አለ። ማድረቂያው እንኳ የጠፋ መሰለኝ።

ምን ላድርግ? በሰው ቁስል ላይ እንጨት ልስደድ? ምላሴ በራሷ ጊዜ ዞረች። "...ባልና ሚስት ይታገሣሉ" አልኩ። "መጀመሪያ የሚለያዩት መንትዮቹ ናቸው። ባልና ሚስት እስከ መጨረሻው ይታገሣሉ፤ ሲያቅታቸው ብቻ፣ በሁለተኛው ክፍፍል ይለያያሉ።" ወደ መጋረጃውም ዞሬ "እርስዎን አይደለም እመቤቴ፤ ትዕግሥት ያለው ሁሉን ያያል" ብዬ ጨመርኩ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች።

ስህተት አይባልም ይሄ። ጨዋነት ነው። በሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ።

መጋቢት 14

ባለ ቀይ ጫማዋን ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጥፍሯን ልትሠራ። ...ሌላ ቀን።

መጋቢት 21

ዕፀዋት ጀመርን። የሆነ የረሳሁት ነገር አለ። ምን ነበር?

ሚያዝያ 20

የልጅቷ ትምህርት ቤት የሙከራ ፈተና ሰጥቶ ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ደወለልኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ በቁመቱ የተነሳ "አንቴና" ነበር የሚባለው። ዛሬም በልቤ እንደዚያው ነው።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል። ከሠላሳ ስምንት ልጅ ሠላሳ አንዱ አንድ ጥያቄ ተሳስተዋል። ስህተታቸው ደግሞ ቃል በቃል አንድ ነው!"

"ምን ብለው?"

"በመጀመሪያው ክፍፍል ቅጂዎቹ ይለያያሉ፣ ጥንዶቹ በሁለተኛው... ብለው። ርዕሰ መምህሯ 'ፈተናው ወጥቷል፣ አንድ ሰው የሐሰት መልስ በትኗል' እያለች ነው።"

"ይህን የጻፈ ሰው" አልኩት፣ "ባዮሎጂን በመስኮት እንኳ አላያትም።"

"አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል ጋሼ። ሰብሳቢው ገለልተኛ ሰው ይሁን ሲባል... እኔ እርስዎን ጠቆምኩ። ወረቀቶቹን ራስዎ ቢያዩዋቸው ብዬ።"

ገለልተኛ! ቃሉ ራሱ ደስ ይላል። ሱፍ ልብሴን አስተኮስኩ።

ሚያዝያ 22

የመጀመሪያው ስብሰባ። እኔ፣ አንቴና፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው። ኃላፊው የፈተናው ወረቀት የተቆለፈበትን ካዝና ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቁልፉ አስረዳን። "ገላዬን ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም!" በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አለ። ተያዘለት።

እኔም የመክፈቻ ንግግሬን አስያዝኩ፦ "ይህን መልስ ያሰራጨው ግለሰብ ደንቆሮ ብቻ ሳይሆን ለትውልዱ አደገኛ ነው።" አንቴና ጽፎ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። "እንዲህ ይሁን ጋሼ? እርግጠኛ ነዎት?" እንዴት ያለ ጠንቃቃ ጸሐፊ ነው! ፈረምኩ።

ርዕሰ መምህሯ ገብታ ቀኑን ቆረጠችልን። የተፈታኞች ስም ዝርዝር ግንቦት 1 ይላካል። መልሱን ያሰራጨው ተማሪ ከሆነ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይግባኝ የለም።

ወረቀቶቹን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ሚያዝያ 23

አራተኛው ወረቀት ላይ ቆምኩ። "ባልና ሚስት እስከ መጨረሻው ይታገሣሉ" ይላል። ባልና ሚስት? የማን ምሳሌ ነው ይሄ? ስድስተኛውም ላይ አለ። ዘጠነኛውም ላይ። አሥራ ሦስተኛው ልጅ የሚዮሲስን ደረጃዎች ተራ በተራ ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ "ትዕግሥት ያለው ሁሉን ያያል" ብሏል፤ ከሥሩም አስምሮበታል። ሃያ ሁለተኛው... ጉድ ነው! ሃያ ሁለተኛው መልሱን የዘጋው "እርስዎን አይደለም እመቤቴ" ብሎ ነው። አንቴና በቀይ እስክርቢቶ "ማንን?" ብሎ ጽፎበታል።

መጋቢት 11 ያልኩት ነው፤ ቃል በቃል።

ደንቆሮ ብቻ ሳይሆን ለትውልዱ አደገኛ። ከነፊርማዬ።

ሚያዝያ 24

ለባለቤቴ ነገርኳት። ጡረተኛ ነርስ ናት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገረኛ ሆነች።

"ነገ ሄደህ ንገራቸዋ።"

"የኮሚቴው ሰብሳቢ እኮ እኔ ነኝ!"

"እንግዲያው ስብሰባ ጥራ።"

"ስሜስ?"

"እኛ መድኃኒት ከተሳሳትን በዚያው ደቂቃ ለሐኪሙ እንናገር ነበር። በሽተኛው እስኪሞት ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም።"

"እዚህ የሞተ ሰው የለም" አልኳት።

አሰብኩበት። ነገሩ በኮሚቴ ተይዟል። በኮሚቴ የተያዘ ነገር መቼ ተገኝቶ ያውቃል? ዝም ብል ራሱ ይበርዳል።

ሚያዝያ 27

አልበረደም። ተገኘ።

በክፍሉ ልጆች የስልክ ግሩፕ የተለቀቀ ድምፅ ኖሯል። የተለቀቀው ደግሞ ከእሷ ስልክ። ከኔ ተማሪ። የማን ድምፅ ነው ተብለው ሠላሳ አንዱም ተጠየቁ፤ ሠላሳ አንዱም "አናውቅም" አሉ። ቅጂው ተሰርዟል።

ተጠርታ መጣች። ኮሚቴው ፊት ቆመች፤ መሐል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

"የማን ድምፅ ነው?" አለች ርዕሰ መምህሯ።

ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

"ማንን ነው የምትሸፍኚው?"

"የላክሁትም የሰረዝኩትም እኔ ነኝ።"

ወደኔ አንዴ እንኳ አላየችም። ጫማዋን ነው ያየችው። ርዕሰ መምህሯ የተፈታኞቹን ዝርዝር አወጣችና በስሟ ላይ መስመር ሳበች። በእርሳስ ነው፤ ግንቦት 1 በቀለም ይሆናል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ቁልፉ ከጥርጣሬ ነፃ መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት ጠየቀ። ሰፈረለት።

እኔስ? "ጉዳዩ ጥልቅ ጥናት ይጠይቃል" አልኩ። ምናለ ያኔ አፌ በተያዘ!

ሚያዝያ 28

ጸጉር ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ደብተር የለም። ፎጣ እያጠፈች አገኘኋት። እናትየው ዓይኗ አብጧል።

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ምን ብዬ ጋሼ?"

"ያስተማረኝ እሱ ነው ብለሽ።"

"እርስዎንማ እንዴት..."

"ስህተት መሆኑን ታውቂ ነበር?"

ፎጣውን አራት አድርጋ አጠፈችው። "በዚያኑ ቀን ማታ መጽሐፉን አየሁ። ድምፁን ግን ቀድሜ ልኬው ነበር።"

"ታዲያ 'ተሳስቷል' ብለሽ አትነግሪያቸውም?"

"ግሩፕ ላይ? ሠላሳ ስምንት ሰው ፊት?" ያበድኩ ይመስል አየችኝ።

"ፈተናውስ ላይ? ለምን እኔ ያልኩትን ጻፍሽ?"

"መጽሐፉ ያለውን ብጽፍ እርስዎን ውሸታም ማድረግ ይሆንብኛል ብዬ።"

እናትየው ከወዲያ ሆና "እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳት መምህር" አለች። "ልጄ ታላቅ አታሳፍርም።" በኩራት ነው ያለችው። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ በኩራት!

መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እስከ ቤቴ በር አብሮኝ ሄደ። በሠላሳ ዓመት "ተሳስተዋል" ያለኝ የለም... ስላልተሳሳትኩ ነው?

ሚያዝያ 29

ስብሰባ ጠራሁ። "አጀንዳ አንድ" አልኩ። "ደንቆሮው ተገኝቷል። እኔ ነኝ።"

የንብረት ክፍል ኃላፊው እስክርቢቶ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። "ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል?"

"ይገባል።"

ርዕሰ መምህሯ ግን ፈገግ አለች። "መምህር፣ ደግነትዎን መች አጣነው? ልጅቷ አሳዝናዎት ነው። እርስዎ እኮ አይሳሳቱም።"

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሰው ጥፋቱን አምኖ የሚያምነው ይጣ? ጸጉር ቤቱን፣ መጋረጃውን፣ ቀይ ጫማውን ሁሉ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ምነው መምህር፣ ለአንዲት ልጅ ብለው ስምዎን..."

ያኔ አንቴና ጉሮሮውን ጠረገ። "እውነታቸውን ነው። ምሳሌው የእሳቸው ነው። እኔም እሳቸው ክፍል ተምሬዋለሁ። በእኛ ጊዜ ግን ባልና ሚስት ነበር ቀድመው የሚፋቱት።"

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"የመጀመሪያውን ወረቀት ሳርም ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው የደወልኩልዎ። ራስዎ አይተው..."

"ደንቆሮ ብዬ ሳስጽፍህስ?"

"ሁለት ጊዜ አነበብኩልዎ።"

እውነቱን ነው። አንብቦልኛል። ከዚያ ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅኩት። "እናንተን ሳስተምር... ሌላም ነበር?"

ጣሪያውን አየ። "አንድ ሁለት።"

"ንገረኛ።"

"አሁን በቃሌ ሁሉንም... ዝርዝር አለን ጋሼ።"

ርዕሰ መምህሯ ላጲስ አነሳች። መስመሩን ስትሰርዝ ቆሜ አየሁ። በደንብ አልጠፋም፤ ምልክቱ ይታያል። ስሟ ግን ይነበባል።

ግንቦት 3

ሠላሳ ስምንት ልጅ ፊት ቆምኩ። ርዕሰ መምህሯ በሩ ላይ። "መጋቢት 11 የተናገርኩት ስህተት ነው" አልኩ። "መጀመሪያ የሚለያዩት ጥንዶቹ ናቸው።" ማንም እስክርቢቶ አላነሳም። አፍረውልኛል፤ ግማሾቹ መስኮቱን ያያሉ። "ጻፉት እንጂ!" ጻፉት።

አንዱ ከኋላ እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ 'ትዕግሥት ያለው ሁሉን ያያል' የሚለውስ? እሱም ይሰረዝ?"

"እሱ ይቆይ። ባዮሎጂ ግን አይደለም።"

ሃያ ሁለተኛው ልጅ የቱ እንደሆነ መጠየቅ አማረኝ። ተውኩት።

ግንቦት 6

የባንክ ሠራተኛዋ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። "በእኔ ምክንያት ነው አሉ?"

"ኧረ እመቤቴ፣ እርስዎ ምን አጠፉ..."

"መምህር፣ የኔ ፍቺ እኮ ያለቀው ጥር ላይ ነው! ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ጸጉሬን ልሠራ የመጣሁት።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?"

"እያጽናኑኝ እኮ ነበር! እንዴት ብዬ 'ተሳስተዋል' ልበልዎት?"

ካስክ ውስጥ ያለችው ሴት "ምን አለች? ምን አለች?" ብላ ጮኸች። ማንም አልመለሰላትም፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው ያመመኝ።

ግንቦት 17

አዲስ ሕግ አውጥተናል። ከተሳሳትኩ እዚያው ታስቆመኛለች። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። "ይቅርታ ጋሼ፣ ምናልባት እኔ ይሆናል ያልገባኝ፣ ግን መጽሐፉ ተሳስቶ ካልሆነ..." ስትል ሩብ ሰዓት ያልቃል። አሁን "አይደለም ጋሼ" ትላለች። በቃ። እስከ ዛሬ አራት ጊዜ አስቁማኛለች። በሦስቱ ልክ ናት። በአራተኛው እሷ ናት የተሳሳተችው፤ እሱን አርሜ እንዴት ደስ እንዳለኝ ለማንም አልናገርም።

በሽታው ተዛምቷል። ዛሬ አንዷ ደንበኛ ጸጉር ሠሪዋን "ባለፈው ያቀለምሽኝ አላማረብኝም" አለቻት። ስድስት ዓመት ሙሉ ነው ያላማረባት። ጸጉር ሠሪዋ ዞር ብላ እኔን ገላመጠችኝ።

ሰኔ 8

ነገ ነው። ዛሬ አላስተማርኳትም። ተኚ አልኳት።

ሰኔ 9

ከቀትር በኋላ ጸጉር ቤቱ ማድረቂያውን ሁሉ አጥፍቶ ይጠብቃል። ግማሽ ራሷ የተጠቀለለ ሴት በሩ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች። መጣች። የልጅቷ ፊት በርቷል። እንደዚህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ቃሏ ይሽቀዳደማል።

"ትልቁ ጥያቄ ኩላሊት ነው! በኩላሊት ውስጥ ያለው ታጣፊው ቱቦ አለ አይደል? ውኃ የማያሳልፈው የትኛው ክፍል ነው፣ አስረዱ ይላል። ወደ ታች የሚወርደው ነው ብዬ፣ ሥዕል ሠርቼ፣ ምክንያቱን አስቀምጬ፣ አንድ ገጽ ሙሉ!"

አጨበጨቡ። እናትየው አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች። በትከሻዋ ላይ አሻግራ "አይደል መምህር?" አለችኝ።

ወደ ታች የሚወርደው ያሳልፋል። የማያሳልፈው ወደ ላይ የሚወጣው ነው።

ሁሉም እኔን ያያሉ። ፈተናው አልቋል። ወረቀቱ ተሰብስቧል። ብናገር ምን ይለወጣል? ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ደስ ብሏት ብትከርም ማን ይጎዳል?

"አይደለም" አልኩ። "የማያሳልፈው የሚወጣው ነው።"

የባንክ ሠራተኛዋ "ዛሬ እንኳ!" አለች። እናትየው ልጇን ሳትለቅ "ምነው መምህር!" አለች።

ልጅቷ ከእናቷ ክንድ ወጣች። ቦርሳዋን ፈትታ መጽሐፉን አወጣች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

"ስንት ያስቀንሰኛል?"

"ሥዕሉና ቃላቱ ትክክል ከሆኑ... ከአሥሩ ስድስት።"

በከንፈሯ ደመረች። "እንግዲያው ሌላው ላይ ከአሥራ ሁለት በላይ ካልሳትኩ አልፋለሁ።" ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። "ሁለተኛውን ልንገርዎት።"

ነገረችኝ። ትክክል ነው አልኳት። ሦስተኛውም ትክክል። ከኋላችን አንዱ ማድረቂያ ተነሳ፣ ሴቶቹ ወደየወንበራቸው ተመለሱ። አራተኛውን ጠየቀችኝ። አሰብኩ። እንደገና አሰብኩ።

"ጋሼ?"

"አላውቀውም" አልኳት።

መጽሐፉን ወደ መሐል ገፋችው። አብረን ፈለግን።